የጥንት የጀርመን ወታደራዊ ጠመንጃ አሰባሰብ፦ ማንበብ፣ መመርመር፣ መግዛት፣ ማቆየት

የድሮ ጠመንጃ መሰብሰብ ያማረው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ይገኛል? ስንት ያወጣል?» ብሎ ነው። እኔ ግን ገንዘቡ ለጊዜው ኪስ ውስጥ ይቆይ ባይ ነኝ። የጀርመን ጠመንጃ ከብዙ አገሮች ጠመንጃ የሚለየው በጽሑፉ ነው። ብረቱም እንጨቱም በማኅተም የተሞላ ነው፤ የት እንደተሠራ፣ በየትኛው ዓመት እንደወጣ፣ ስንት መርማሪ እንዳለፈው፣ አንዳንዴም የየትኛው ሬጅመንት ስንተኛ ሻምበል እንደያዘው ሳይቀር ተቀርጾበታል። ይህን ማንበብ የቻለ ሰው ሻጭ አያታልለውም። ማንበብ ያልቻለ ደግሞ ዋጋ ያለውን ነገር በገዛ እጁ ፍቆ ያጠፋዋል፤ ይህን የሚያደርጉ ሰዎች በጣም ብዙ በመሆናቸው ነው ይህን መመሪያ መጻፍ የፈለግሁት።

ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ሕጉን ከሁሉ አስቀድሙ

አሜሪካ የምትኖሩ ከሆነ፣ የ1968ቱ የፌዴራል የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ እስከ 1898 መጨረሻ የተሠራን ጠመንጃ «ጥንታዊ» ብሎ ከተራ የጦር መሣሪያ ይለየዋል። ልብ በሉ፤ የሚቆጠረው አፈሙዙ ወይም እንጨቱ የተሠራበት ዓመት ሳይሆን አፈሙዙ የሚታሰርበት ዋናው የብረት አካል የተሠራበት ዓመት ነው። በ1891 የተሠራ አካል በ1930ዎቹ አዲስ አፈሙዝ ቢገጠምለትም ጥንታዊነቱን አያጣም። ከ1899 ወዲህ የተሠሩትን ደግሞ 50 ዓመት ከሞላቸው በሰብሳቢ ፈቃድ መግዛት ይቻላል። ከዚህ በላይ የየግዛቱና የየከተማው ሕግ አለ፤ አንዳንዱ ከፌዴራሉ በጣም ይጠብቃል።

በጀርመን አገር፣ ንድፋቸው ከ1871 በፊት የወጣ የመርፌ ጠመንጃዎች ላላ ባለ ሕግ ሲተዳደሩ፣ የብረት ቀለህ የሚጎርሱት ማውዘር 71ና ከሱ ወዲህ የመጡት ፈቃድ ይጠይቃሉ (እነዚህ ምን እንደሆኑ ደረጃ 2 ላይ ታገኙታላችሁ)። በብሪታኒያ ወሳኙ ነገር የጥይቱ ዓይነት ነው፤ ዛሬም የሚመረተውን 7.92 ሚሊሜትር ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ ዕድሜው ቢገፋም ያለ ፈቃድ አይያዝም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው መለኪያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ዓ.ም. ነው። «የአያቴ ነው፣ ለጌጥ ነው የሰቀልኩት» ማለት ፈቃድን አይተካም። ወደ ውጭ ይዞ መውጣት ደግሞ ከጦር መሣሪያ ሕጉ በተጨማሪ የቅርስ ሕጉንም ሊያስነሳ ስለሚችል፣ ያለ ወረቀት የተነሳ ጠመንጃ በሻንጣ ይዞ መሄድ ጨርሶ አይታሰብ። በባሕረ ሰላጤው አገሮችም ሆነ በእስራኤል የምትኖሩ፣ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ጠይቃችሁ በጽሑፍ መልስ ሳታገኙ ምንም አትግዙ።

ደረጃ 2፦ አንድ ጠባብ መስክ ምረጡ

«የጀርመን ጠመንጃ እሰበስባለሁ» ያለ ሰው ቤቱን ይሞላል እንጂ ስብስብ አይኖረውም። ከአራቱ ትውልድ አንዱን ያዙ።

የመጀመሪያው የመርፌ ጠመንጃ ነው። ዮሐን ኒኮላውስ ፎን ድራይዘ በዞመርዳ ከተማ የሠራው፣ ፕሩሲያ በ1841 የተቀበለችው ነው። በወረቀት የተጠቀለለ ጥይት ከኋላ ይጎርሳል፤ ምላጩ ሲሳብ ረጅም መርፌ ወረቀቱንና ባሩዱን ወግቶ አልፎ ከእርሳሱ ሥር ያለውን ተቀጣጣይ ይመታል። የዘመኑ ሌላ እግረኛ ቆሞ በአፈሙዝ በኩል ሲያጎርስ የፕሩሲያ ወታደር በደረቱ ተኝቶ ያጎርስ ነበር፤ በ1866 በኮኒግሬትስ ኦስትሪያን ያንበረከኩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የፈረንሳዩ ሻስፖ በርቀት በለጠው። ሙሉ የሆነ የመርፌ ጠመንጃ ማግኘት ከባድ ነው፤ መርፌው ቀጭን ስለሆነ ብዙው ተሰብሮ ወይም ጠፍቶ ነው የሚገኘው።

ሁለተኛው ትውልድ የኦበርንዶርፎቹ ወንድማማቾች የቪልሄልምና የፓውል ማውዘር ሥራ ነው። ሞዴል 1871 ባለ 11 ሚሊሜትር ጥይት፣ በጥቁር ባሩድ የሚሠራ፣ አንድ በአንድ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። አዲሱ የጀርመን ግዛት ሲቀበለው ባቫሪያ ለጊዜው የራሷን የቬርደር ጠመንጃ ይዛ ቀርታለች። 71 ቀለህ የሚያስፈነጥር ነገር የለውም፤ ወታደሩ ቦልቱን ስቦ ጠመንጃውን ዘንበል አድርጎ ነበር የሚያራግፈው (ቦልት የምለው ጥይቱን ገፍቶ የሚቆልፈውን ባለ እጀታ ብረት ነው)። በ1914 በጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ የነበሩት አስካሪዎች (ለጀርመን የተዋጉ አፍሪካውያን ወታደሮች) አብዛኞቹ ገና ይህንኑ ይዘው ነበር፤ በተኮሱ ቁጥር የጥቁር ባሩዱ ጭስ ቦታቸውን ለጠላት ያሳይባቸው ነበር። 71/84 የተባለው ተከታዩ ደግሞ ከአፈሙዙ ሥር በተዘረጋ ቱቦ 8 ጥይት ይይዛል፤ የጀርመን ጦር የመጀመሪያ ደጋግሞ ተኳሽ ጠመንጃ ነው።

ሦስተኛው ገቬር 88 ነው (ገቬር በጀርመንኛ ጠመንጃ ማለት ነው)። ፈረንሳይ በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን ለበል የተባለ ጠመንጃ ይዛ ብቅ ስትል በርሊን ደነገጠች። ሽፓንዳው የነበረው የጠመንጃ መርማሪ ኮሚሽን ከዚህም ከዚያም ሐሳብ ወስዶ በጥድፊያ አዲስ ጠመንጃ አወጣ። አፈሙዙ በቀጭን የብረት ቱቦ የተሸፈነ ነው፤ 5 ጥይት የያዘ የብረት ማቀፊያ እንዳለ ይገባበታል፤ ጥይቱ ሲያልቅ ማቀፊያው ከሆዱ በታች ይወድቃል። የዚህ ጠመንጃ ታሪክ ውስጥ አንድ ክፉ ምዕራፍ አለ፤ በ1892 ሄርማን አልቫርት የሚባል ፀረ አይሁድ ፖለቲከኛ፣ አይሁዳዊ የሆኑት የሎቨ ፋብሪካ ባለቤቶች ሆን ብለው የተበላሸ ጠመንጃ ለጦሩ አቀረቡ ብሎ በራሪ ጽሑፍ አሰራጨ። ፍርድ ቤት በሐሰት ስም ማጥፋት ቀጣው። «ሎቨ በርሊን» የሚል ማኅተም ያለበት 88 ሲገጥማችሁ ያንን ሁሉ ተሸክሞ የመጣ ዕቃ እንደሆነ እወቁ፤ ለኔ ከሌሎቹ ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

አራተኛው ሚያዝያ 5 ቀን 1898 የጸደቀው ገቬር 98ና ልጆቹ ናቸው፤ ካራቢነር 98 ኣ እና በ1935 የወጣው ካራቢነር 98 ካ። በጣም የታወቁት እነዚህ ናቸው፣ በጣም የሚጭበረበረውም በእነዚህ ነው። በአሜሪካ ሕግ በተግባር «ጥንታዊ» አይባሉም።

ለጀማሪ የምመክረው 88ን ነው። ብዙ ስለተመረተ ይገኛል፣ ዋጋው ከቀሩት ይሻላል፣ ማኅተሙ ግን ከየትኛውም አያንስም። ካርቢኖቹን ለሁለተኛው ዓመት አቆዩአቸው። ካራቢነር 88 ለፈረሰኛ የተሠራ አጭር ጠመንጃ ነው፤ እንጨቱ እስከ አፈሙዙ ጫፍ ይደርሳል፣ የቦልቱ እጀታ እንደ ማንኪያ ጠፍጥፎ ወደ ታች ታጥፏል፣ ሳንጃ አይቀበልም። ለመድፈኛው የተሠራው ገቬር 91 ከሱ ጋር መንታ ነው፤ የሚለየው ጠመንጃዎችን እርስ በርስ አደጋግፎ ለማቆም የሚያገለግል ዘንግ ከአፈሙዙ ሥር ስላለው ነው። ያ ዘንግ ተነቅሎ «ካርቢን» ተብሎ የሚሸጥ ስላለ፣ ሥሩን በጣት ዳስሱት።

ደረጃ 3፦ ከመግዛት በፊት ትክክለኛውን እዩ

በኦበርንዶርፍና በዙል የጦር መሣሪያ ሙዚየሞች አሉ፤ በኮብሌንዝ የጀርመን ጦር የቴክኒክ ጥናት ስብስብ አለ፤ ኢንጎልሽታት ላይ የባቫሪያ ጦር ሙዚየም፣ ሊድስ ላይ የብሪታኒያ ሮያል አርመሪስ አለ። ጀርመን ዘመድ ያለው ሁሉ ለበጋ ሲሄድ አንዱን ቢጎበኝ ጥሩ ነው። ዓላማው መደነቅ አይደለም። ያልተነካ እንጨት ጠርዙ እንዴት ስል እንደሆነ፣ የመጀመሪያው ማኅተም ምን ያህል እንደሚጠልቅ፣ ብሎኑ ከብረቱ ጋር እንዴት እኩል እንደሚቀመጥ ዐይናችሁን ማስለመድ ነው። ትክክለኛውን በደንብ ያየ ዐይን ሐሰተኛውን ራሱ ይጠረጥረዋል።

ደረጃ 4፦ ማኅተሙን አንብቡ

አንድ ገቬር 88 ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፤ አፈሙዙ ወደ ግራችሁ ይዙር። ማጉያ መነጽርና የእጅ ባትሪ ያዙ። ባትሪውን ከላይ አታብሩ፤ ከጎን፣ ከብረቱ ጋር ጠፍ አድርጋችሁ አብሩት፤ የተበላው ጽሑፍ በጥላው ይነሣል።

ጥይቱ ከሚቀመጥበት ክፍል አናት ጀምሩ። የመንግሥት ፋብሪካ ከሆነ ዘውድ ታያላችሁ፤ ከዘውዱ ሥር ሽፓንዳው፣ ዳንዚግ፣ ኤርፉርት ወይም አምበርግ የሚል ስም፤ ከዚያም ዓመተ ምሕረቱ። የግል ፋብሪካ ከሆነ የሎቨ፣ የሽታየር፣ የሄነል ወይም የሺሊንግ ስም ይገኛል። በግራ ጎኑ በድሮው የጀርመን ጉልህ ፊደል የሞዴሉ ስም ተጽፏል። ያ ፊደል ለለመደው እንኳ ያስቸግራል፤ የፊደሉን ሠንጠረዥ አትማችሁ በኪሳችሁ ያዙ። በቀኝ ጎኑ በተርታ ትንንሽ ዘውዶች፣ ከየዘውዱ ሥር አንድ አንድ ፊደል አለ፤ እያንዳንዱ የአንድ መርማሪ ማረጋገጫ ነው።

ቀጥሎ መለያ ቁጥሩ። የጀርመን አሠራር እንዲህ ነበር፦ ፋብሪካው በየዓመቱ ከ1 ይጀምርና 10,000 አካባቢ ሲደርስ እንደገና ከ1 ጀምሮ ከቁጥሩ ሥር «አ» የሚል የላቲን ፊደል ይጨምራል፤ ያም ሲሞላ ወደ «ቤ» ይሻገራል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸው ብዙ ጠመንጃዎች አሉ። የአንዱን ማንነት የሚለየው ፋብሪካው፣ ዓመቱ፣ ቁጥሩና ፊደሉ አራቱም አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። ሻጭ ፊደሉን ሳይጠቅስ ቁጥሩን ብቻ ቢነግራችሁ ፎቶ ጠይቁ።

ሙሉው ቁጥር በአካሉ፣ በአፈሙዙና በቦልቱ ላይ ይገኛል። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ደግሞ በየትንንሹ ዕቃ ላይ ይደጋገማሉ፤ በማሰሪያ ቀለበቶቹ፣ በማነጣጠሪያው፣ በምላጭ መከለያው፣ በብሎኖቹ ራስ ላይ ሳይቀር። ቁጥሩ 4127 ከሆነ በየብሎኑ ላይ 27ን ፈልጉ። ሁሉም ከገጠመ በእጃችሁ ያለው ጠመንጃ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው ማለት ነው። ቦልቱ ብቻ ካልገጠመ ዋጋው ይወርዳል፤ ብዙው ጊዜ ግን ተንኮል የለበትም፤ መጋዘን ውስጥ ቦልቶች ለብቻቸው ተጠራቅመው ሲመለሱ ስለሚቀያየሩ ነው። ግማሹ ዕቃ ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ከሆነ ግን እንደ መለዋወጫ ክምር ቁጠሩት።

አሁን የሰደፉን ብረት አናት እዩ። እዚህ ላይ ነው ልብ የሚመታው። ለምሳሌ «84፣ ነጥብ፣ ኤር፣ ነጥብ፣ 7፣ ነጥብ፣ 112» የሚል ቅርጽ ብታገኙ 84ኛው የእግረኛ ሬጅመንት፣ 7ኛው ሻምበል፣ የጠመንጃ ቁጥር 112 ማለት ነው። 84ኛው ሬጅመንት መቀመጫው ሽሌስቪግ ነበር። መጀመሪያ ላይ የላቲን «ቤ» ከቀደመ ባቫሪያን ያመለክታል። ይህ መስመር ጥርት ብሎ ያለበት ጠመንጃ ከሌለበት የበለጠ ይፈለጋል፤ የሚገባውም ነው፤ ያ ብረት በማን እጅ እንደነበር የሚናገረው እሱ ብቻ ነውና።

አንድ የቀረ ፊደል አለ። በ1905 የጀርመን ጦር ጫፉ የሾለ አዲስ ጥይት አወጣ፤ የፊተኛው ውፍረት 8.08 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን የአዲሱ 8.20 ገደማ ነው። ለአዲሱ ጥይት የተስተካከሉት 88ዎች ከጥይት ክፍሉ በላይ ትልቅ የላቲን «ኤስ» ተመትቶባቸዋል። ይህን ፊደል ማወቅ ለምን እንደሚያስፈልግ ደረጃ 7 ላይ ታዩታላችሁ።

ደረጃ 5፦ አካሉን መርምሩ

መጀመሪያ ባዶ መሆኑን አረጋግጡ፤ «ባዶ ነው» ያላችሁ የገዛ ወንድማችሁ ቢሆንም። በ71 ቦልቱን ስባችሁ ክፍሉን በዐይንም በትንሽ ጣትም አረጋግጡ። በ88 ማቀፊያው ውስጥ የቀረ ጥይት እንዳይኖር የማቀፊያውን መልቀቂያ ተጫኑ። አደገኛው 71/84 ነው። ጥይቱ በእንጨቱ ውስጥ በተቀበረ ቱቦ ስለሚቀመጥ ከላይ አይታይም፤ አሥርተ ዓመታት የተቀመጠ ጥይት ሊገኝበት ይችላል። በግራ በኩል ያለውን የካዝና ማገጃ ከፍታችሁ፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙራችሁ፣ ቦልቱን ደጋግማችሁ ሳቡ። ምንም ባይወጣም የጥይት ማንሻውን ወደ ታች ገፍታችሁ ቱቦው ውስጥ በባትሪ እዩ።

ቀጥሎ የ88 ትልቁ ችግር። የቦልቱ ጫፍ ለብቻው የሚወልቅ ቁራጭ ነው፤ ቀለህ የሚጎትተውና የሚያስፈነጥረው ብረትም በሱ ላይ ነው። ሲፈታ ሲገጠም ይወድቅና ይጠፋል፤ የቀረው ግን ያለሱም ተገጣጥሞ የሚሠራ ይመስላል። እንዲህ ያለ ጠመንጃ ቢተኮስ ቦልቱ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመለስ ይችላል። ቦልቱን አውጡና ፊቱን ተመልከቱ፦ መርፌው የሚወጣበት ትንሽ ቀዳዳ ያለው ጠንካራ ፊት ካለው ጤና ነው፤ አፉ ክፍት ቱቦ ሆኖ መርፌው በመሃል ተገትሮ ከታየ ጫፉ የለም። መለዋወጫው ውድ ነው፤ ዋጋ ስትደራደሩ አስቡበት።

እንጨቱን ስትመለከቱ ዓይናችሁን በእንጨትና በብረት መገናኛ ላይ አድርጉ። በፋብሪካ እንጨቱ ከብረቱ ጥቂት ከፍ ብሎ ወይም እኩል ሆኖ ይወጣል። እንጨቱ ከብረቱ ዝቅ ካለ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቋል። ማኅተሙም ከተፋቀው ጋር ሄዷል። የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ የተቀባ የወታደር ጠመንጃ ካያችሁ ወደ ኋላ በሉ።

ብሎኖቹ ሌላው ምስክር ናቸው። መክፈቻቸው የተበላና የተሰነጠቀ ከሆነ ልክ ባልሆነ ካቻቪቴ ብዙ ጊዜ ተፈተዋል ማለት ነው።

የአፈሙዙን ውስጥ ከጥይት ክፍሉ በኩል ባትሪ አብርታችሁ ከጫፉ እዩት። ጠመዝማዛ ቦዮቹ ጥርት ብለው ቢታዩ ደስ ይላል፤ ጥቁር ባሩድ በተኮሰ 71 ውስጥ ግን ጥቂት ጉድጓዳማ ዝገት ያለ ነገር ነው፤ ለማይተኮስ ጠመንጃ እሱ ብዙ አያሳስብም። ለኔ ከውስጡ ጽዳት ይልቅ የውጭ ማኅተሙ ጥራት ይበልጣል።

መለኪያም ያዙ። የ71 እግረኛ ጠመንጃ 1345 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ገቬር 88 1245፤ ገቬር 98 1250። በጣም ያነሰ ከሆነ ለአደን ተቆርጧል።

ደረጃ 6፦ ወጥመዶቹን እወቁ

ብዙ 88ዎች በኦቶማን ቱርክ እጅ አልፈዋል። «አንካራ» የሚል ጽሑፍና የ1930ዎቹ ዓመት ካያችሁ ቱርኮች እንደገና የሠሩት ነው፤ የአፈሙዝ ቱቦው ተነሥቶ በእንጨት መከለያ ተተክቶ ይሆናል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ የራሱ ታሪክ ያለው ሌላ ጠመንጃ ነው። ማጭበርበር የሚሆነው እንደ ጀርመን ጦር ጠመንጃ ሲሸጥላችሁ ነው። ቻይናም በሃንያንግ ከተማ የ88ን ቅጂ ለረጅም ዘመን አምርታለች።

ወረቀት የሌለው ታሪክ ዋጋ የለውም። ሐምሌ 26 ቀን 1914 አየርላንዳውያን ታጣቂዎች አስጋርድ በተባለች የመርከብ ጀልባ 900 ያህል ሞዴል 71 ጠመንጃዎችን ደብሊን አጠገብ ሀውዝ ወደብ ላይ አራግፈዋል። እነዚያ ጠመንጃዎች በአየርላንድ ታሪክ ከባድ ስም ስላላቸው፣ የተለመደ 71 ይዞ «የሀውዝ ነው» የሚል ሻጭ አይጠፋም። ሰነድ ካለው ያሳያችሁ፤ ከሌለው የተራ 71 ዋጋ ክፈሉ። በ98 ካ ላይ ደግሞ የናዚ ልዩ ክፍሎች ምልክት በቅርብ የተመታበት ሞልቷል፤ ለጀማሪ ምክሬ ጨርሶ አትቅረቡት ነው።

በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ መጋዘኖች ወጥተው አሜሪካ ገበያ የገቡ የድሮ ጠመንጃዎችን ብዙዎቻችሁ ሳታዩ አትቀሩም። ብዙዎቹ የጣሊያንና የቤልጅግ ናቸው፤ ማውዘር ቤተሰብም አለበት። እነሱን በተመለከተ አንድ ነገር ልለምን። ሰደፋቸው ላይ በናስ ሚስማር የተሠራ ጌጥ፣ በቢላ የተቀረጸ መስቀል፣ በጥሬ ቆዳ ተጠፍሮ የተጠገነ ስንጥቅ ይገኛል። አንዳንድ ሰብሳቢ ይህን እንደ ጉዳት ቆጥሮ ቆዳውን ይቀድና ሚስማሩን ይነቅላል። ቆዳውን የጠፈረው ሰው ግን ጠመንጃው ሌላ ስለማይተካለት ነው የጠገነው፤ መስቀሉንም የቀረጸው ሕይወቱን ስለጣለበት ነው። የሽሌስቪግ ሬጅመንት ቁጥር የሚከበር ከሆነ ይህም እኩል ይከበር። አካሉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ያለበት የቤልጅጉ ፋብሪካ የፋብሪክ ናሲዮናል ማውዘር ወይም ከጣሊያን ወረራ በፊት ወደ አገራችን የገባ የማውዘር ስታንዳርድ ሞዴል ከገጠማችሁ፣ ከጥጥ ጨርቅና ከጥቂት ዘይት በቀር ምንም አታስነኩት።

ደረጃ 7፦ አትተኩሱበት

71ና 71/84 ለጥቁር ባሩድ ግፊት የተሠሩ ናቸው፤ ጭስ አልባ ባሩድ ሊያፈነዳቸው ይችላል። 88 ደግሞ የበለጠ ያታልላል፤ ዛሬ ሱቅ የሚሸጠው 7.92 በ57 ጥይት ክፍሉ ውስጥ ይገባለታልና። ነገር ግን የዛሬው ጥይት የ1905ቱ ሰፊ ጥይት ነው፣ ግፊቱም ከፍተኛ ነው። «ኤስ» ያልተመታበት አፈሙዝ ውስጥ ጠብቦት ይጨነቃል። «ኤስ» የተመታበትም ቢሆን ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈው ብረት ነው። የሚተኮስ ጠመንጃ ከፈለጋችሁ ሌላ ግዙ።

ደረጃ 8፦ አጽዱ፣ ግን አታድሱ

በጥጥ ጨርቅና በቀጭን የማሽን ዘይት ጀምሩ። ቀይ ዝገት ካለ ዘይቱን ቀብታችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩት፤ ከዚያ በናስ ወይም በመዳብ ቁራጭ ጠርዝ ቀስ ብላችሁ አንሡ። ናስ ከብረቱ ስለሚለሰልስ ዝገቱን ይፍቃል እንጂ ብረቱን አይጭርም። የብርጭቆ ወረቀት፣ ሸካራ የብረት ሱፍ፣ የሚሽከረከር ብሩሽ፣ አሲድ ያለበት የዝገት ማስለቀቂያ አትጠቀሙ። ጥቁር ቡናማው የዕድሜ መልክ ዝገት አይደለም፤ እሱ ከተነሣ አይመለስም። ብረቱን እንደ አዲስ ማጥቆር ደግሞ የጠመንጃውን ዋጋ በአንድ ቀን ይጥላል።

ያልላላ ብሎን አትታገሉ። ሰርጎ የሚገባ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ ለቀናት ተዉት፤ ካቻቪቴው የመክፈቻውን ስፋትም ውፍረትም ልክ የሚሞላ ይሁን። ያም ካልሆነ እንዳለ ይቆይ፤ ሁሉም ብሎን የግድ መፈታት የለበትም።

እንጨቱን በደረቅ ጨርቅ ከአቧራ አጽዱ፤ በጣም የቆሸሸ ከሆነ በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ ወዲያው አድርቁ። መጨረሻ ላይ ብረቱንም እንጨቱንም የብሪቲሽ ሙዚየም ባለሙያዎች ለቅርስ ጥበቃ ብለው ባበጁት ዓይነት ጥሩ ሰም በስሱ ቀቡት። ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት፤ የላብ ጨው በጥቂት ቀን ውስጥ የጣት አሻራችሁን በዝገት ይጽፈዋል። የጥጥ ጓንት ርካሽ ነው።

ሲቀመጥ የቦልቱ ስፕሪንግ ያልተወጠረ ይሁን። በቆዳ አፎት ወይም በስፖንጅ ሳጥን ውስጥ አታቆዩት፤ ሁለቱም እርጥበት ያቁራሉ። የክፍሉ የአየር እርጥበት 50 በመቶ አካባቢ ቢሆን ለብረቱም ለእንጨቱም ይስማማል። ልጆች ባሉበት ቤት ጥንታዊም ቢሆን በቁልፍ ይቀመጥ።

ደረጃ 9፦ መዝገብ ያዙ

ለእያንዳንዱ ጠመንጃ አንድ ገጽ መድቡ፦ ፋብሪካ፣ ዓመት፣ ሙሉ ቁጥር ከነፊደሉ፣ የገጠሙና ያልገጠሙ ዕቃዎች ዝርዝር፣ የክፍለ ጦር ምልክት፣ የተገዛበት ቀንና ዋጋ፣ የሻጩ ደረሰኝ። ሻጩ «አባቴ ከዚህ ቦታ ያመጣው ነው» ካለ ቃሉን ጽፎ እንዲፈርምበት ጠይቁት፤ ማረጋገጫ ባይሆንም ነገ የሚመረምር ሰው የሚጀምርበት ጫፍ ይሆነዋል። የእያንዳንዱን ማኅተም ፎቶ በጎን ብርሃን አንሡ። የመዝገቡ ቅጂ ከጠመንጃዎቹ ጋር በአንድ ቤት አይቀመጥ፤ እሳትም ሌባም ሁለቱን አብሮ እንዳይወስድባችሁ።

በመጨረሻው ገጽ ላይ ከእናንተ በኋላ ማን እንደሚረከብና በሕጋዊ መንገድ እንዴት እንደሚተላለፍ ጻፉ። የቤተሰቡ ሰው ጠመንጃውን ማንበብ የማይችል ከሆነ የትኛው ሙዚየም ወይም የትኛው የጨረታ ቤት እንደሚጠየቅ ከነአድራሻው ይኑርበት፤ ካልሆነ መጀመሪያ በር ላይ የደረሰው ነጋዴ ባሻው ዋጋ ይወስደዋል።